የበረሃው ቤትና ፎቶግራፉ



ባለፈው ዓመት ከአባሎቻችን አንዲት እናት ባረፉ ጊዜ ለለቅሶው ቤት የሚሆን ጉርድ ፎቶግራፍ ፈልግ ተብዬ የዕድሩን የፎቶግራፍ ሣጥን ከፍቼ ነበር። ሣጥኑ ውስጥ ያልተነሣ ነገር የለም። ድንኳን ሲተከል፣ ንፍሮ ሲታደል፣ ገንዘብ ያዡ ሒሳብ ሲያነብ፣ ሁሉም አለ። ጀርባቸውን ሳገላብጥ ግን አብዛኞቹ ባዶ ናቸው፤ ስም የለ፣ ቀን የለ። ባንደኛው ፎቶ ላይ አምስት ሴቶች አንድ ትልቅ ድስት ከበው ቆመዋል። ከአምስቱ የማውቃቸው እኚሁን ሟቿን ብቻ ነው። የቀሩት አራቱ እነማን ናቸው? የጠየቅኳቸው ሁሉ «እንዲያው መልካቸው አዲስ አልሆነብኝም» ከማለት አላለፉም።

እኔ በወጣትነቴ ፒያሳ ከነበረ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ፊልም አጣቢ ስለነበርኩ የፎቶግራፍ ነገር ሲነሣ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ለዘንድሮው መጽሔታችን ጽሑፍ አምጣ ስባልም ስለ ፎቶግራፍ ለመጻፍ ወሰንኩ። የመረጥኩት ታሪክ ግን የኛን ሣጥን ሳይሆን እዚሁ ጎረቤታችን ያለውን የፓልም ስፕሪንግስን ነው። ወደ አሪዞና ለለቅሶም ሆነ ለሠርግ ስንሄድ፣ እነዚያን በነፋስ የሚሽከረከሩ የኤሌክትሪክ ማማዎች እንዳለፍን በስተቀኝ የምንተወው ከተማ ማለት ነው። በዚያ ከተማ ያሉ ቤቶች ፎቶግራፋቸው ዛሬ እንደ ጌጥ ይገዛል፣ ይሸጣል። ለምን እንደሆነ፣ ፎቶግራፉስ ያሳየውና ያላሳየው ምን እንደሆነ ባጭሩ ላቅርብ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ፓልም ስፕሪንግስ ከሎስ አንጀለስ በስተምሥራቅ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሳን ሐሲንቶ ተራራ ግርጌ የሚገኝ የበረሃ ከተማ ነው። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እየወጣ ሰው ያቃጥላል፤ ክረምቱ ግን ደስ የሚል ነው። ከመሬት የሚፈልቅ ሙቅ ውኃ አለው። የጥንት ባለቤቶቹ የካዊያ ሕዝብ ወገን የሆኑት ሲሆኑ፣ የጎሣቸው መጠሪያ በስፓኒሽ «አጉዋ ካሊየንቴ» ይባላል፤ ትርጉሙም ያው «ፍል ውኃ» ነው። አዲስ አበባ በፍል ውኃ ሰበብ እንደተቆረቆረች ለምናውቅ ሰዎች ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም። ፍል ውኃ ባለበት መኳንንት አይጠፋም። የዚህኛው በረሃ መኳንንት ደግሞ የሆሊውድ ተዋንያንና የፋብሪካ ባለቤቶች ነበሩ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1945 ካበቃ በኋላ እነዚህ ሰዎች የክረምት ማረፊያ ቤት ማሠራት ጀመሩ። ቤቶቹ ከዚያ በፊት ከተለመደው ሁሉ የተለዩ ነበሩ። ጣራቸው ጠፍጣፋ፣ ግድግዳቸው በአብዛኛው መስተዋት፣ ምሰሶአቸው ቀጭን ብረት ሲሆን፣ ሳሎኑና ግቢው አንድ እስኪመስሉ ድረስ የተከፈቱ ናቸው። እኛ ቪላ ብንላቸው ያስኬዳል፤ ቢሆንም ጌጥና ቅርጻ ቅርጽ የሚባል ነገር የለባቸውም። እንደ አልበርት ፍሬይ፣ ስቱዋርት ዊሊያምስ፣ ዶናልድ ዌክስለርና ዊሊያም ክሪዝል ያሉ አርክቴክቶች የታወቁት በዚህ ሥራ ነው። ለባለጠጋ ብቻም አልቀረም፤ አሌክሳንደር የተባለው የአባትና የልጅ ኩባንያ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አብዛኞቹን በክሪዝል ንድፍ ከ2,000 በላይ ቤቶች በዚያ ሸለቆ ሠርቶ ሸጧል። ዘዴው ብልህነት ነበረበት። የውስጡ አከፋፈል ከቤት ቤት ብዙም ሳይለወጥ፣ ጣራውን እየለዋወጡና ቤቱን ወዲህና ወዲያ እያዞሩ ሲሠሩት ሰፈሩ ሁሉ የተለያየ ይመስል ነበር።

ከሁሉም ስሙ የገነነው ግን የካውፍማን ቤት ነው። ኤድጋር ካውፍማን በፒትስበርግ ከተማ የትልቅ መደብር ባለቤት ነበረ። ቀደም ሲል ፍራንክ ሎይድ ራይት የተባለው ስመ ጥር አርክቴክት በፏፏቴ ላይ ቤት ሠርቶለታል። የበረሃውን ቤት ግን ለራይት ሳይሆን ከቪየና ለመጣው ለሪቻርድ ኖይትራ ሰጠው፤ በ1946 ተሠርቶ አለቀ። ቤቱ አራት ክንፍ አለው፤ ወደ አራቱ ማዕዘን እንደ ወፍጮ መዘውር ይዘረጋል። አሸዋና ነፋስ ሲነሣ የሚዘጉ፣ ሲረጋ የሚከፈቱ ቁመታም የአሉሚኒየም መከለያዎች አሉት። የአካባቢው ደንብ ፎቅ መሥራት ስለማይፈቅድ ኖይትራ ጣራው ላይ ግድግዳ የለሽ ማረፊያ ሠራና ደንቡን ሳይጥስ አለፈው። አይ ብልሃት!

አሁን ወደ ፎቶግራፍ አንሺው ልምጣ። ጁሊየስ ሹልማን በ1910 ብሩክሊን ተወልዶ በልጅነቱ ሎስ አንጀለስ የገባ ሰው ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዓመታት ቢቀመጥም ዲግሪ ሳይዝ ወጣ። በ1936 ኖይትራ ሆሊውድ ውስጥ የሠራውን አንድ ቤት ለማየት ሄደና በኪስ በምትያዝ የኮዳክ ካሜራ ስድስት ፎቶግራፍ አነሣ። ፎቶዎቹ ኖይትራ እጅ ሲደርሱ ኖይትራ ወዲያው ገዛቸው፣ ሌላም ሥራ ሰጠው። እንዲህ ሆኖ የተጀመረ ሥራ ነው ከ70 ዓመት በላይ የዘለቀው። ሹልማን በ2009 በ98 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ ከካሜራው አልተለየም ማለት ይቻላል።

በ1947 የካውፍማንን ቤት ሊያነሣ ሲሄድ የሆነውን ሹልማን ራሱ በሕይወቱ ሳለ ደጋግሞ ተርኮታል። ፀሐይ እየጠለቀች ነው፤ ኖይትራ የቤቱን ውስጥ አንሣልኝ ይላል። ሹልማን ግን ተራራው ላይ የቀረውን ብርሃን አይቶ ካሜራውን ይዞ ወደ ውጭ ሮጠ። ኖይትራ ተቆጣ፤ እሱም አልሰማውም። ካሜራውን በባለሦስት እግሩ ላይ አቆመና ዓይኑን ከፈተ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጨለማ ክፍል የሠራ ሰው በደንብ ይረዳዋል። የሰማዩ ብርሃን፣ የቤቱ መብራትና የገንዳው መብራት ኃይላቸው አንድ አይደለም። ሦስቱም በአንድ ፊልም ላይ በልክ እንዲያርፉ ከተፈለገ እያንዳንዱ የየራሱ ጊዜ ይፈልጋል። ስለሆነም ሹልማን ፊልሙን ሳይለውጥ፣ ካሜራውንም ሳያነቃንቅ፣ ወደ ቤቱ እየሮጠ አንዱን መብራት ሲያበራ ሌላውን ሲያጠፋ 45 ደቂቃ ያህል ቆየ። በገንዳው አጠገብ ያለው አንድ መብራት በቀጥታ ሌንሱ ውስጥ ስለገባበት የቤቱን እመቤት ወይዘሮ ካውፍማንን እባክዎ እዚህ ጋደም ይበሉልኝና መብራቱን ይጋርዱልኝ አላቸው። እሳቸውም ጋደም አሉ። ፎቶግራፉን ያየ ሰው እመቤቲቱ በምሽት ነፋስ ሲዝናኑ ያገኛቸው ይመስለዋል። እሳቸው ግን በዚያ ሰዓት የቆሙት በመጋረጃነት ነው!

ውጤቱ ምንድን ነው ቢባል፣ ከበስተኋላ የጠቆረ ተራራ፣ ከፊት የረጋ ውኃ፣ በመካከል እንደ ፋኖስ የሚያበራ ቤት ነው። ማንም ሰው ያንን ቤት በዓይኑ እንደዚያ አድርጎ አላየውም፤ ሊያየውም አይችልም። የሰው ዓይን 45 ደቂቃ ብርሃን አያጠራቅምምና። ቢሆንም ዓለም ቤቱን የሚያውቀው በዚያ ፎቶግራፍ ነው። ሹልማን በዚህ አያፍርም ነበር። ባዶ በሆነ ግቢ ፊት የዛፍ ቅርንጫፍ አስይዞ ያነሣል፤ አበባ ከነማሰሮው ተሸክሞ ይሄዳል፤ ወንበር ያዛውራል። እዚሁ ሆሊውድ ኮረብታ ላይ በ1960 ያነሣውን፣ ሁለት ሴቶች በመስተዋት ክፍል ተቀምጠው ከተማው ከበታቻቸው የሚያበራበትን ፎቶግራፍ ያላየ አባል ያለ አይመስለኝም። ያም እንዲሁ በዘዴ የተሠራ ነው። እኔ እንኳ በፎቶ ቤት ዘመኔ ሙሽራውን ከመጋረጃው ፊት አቁሜ፣ ክራቫት አውሼ፣ «ትንሽ ፈገግ በል» ብያለሁና ሹልማንን ለመውቀስ አልደፍርም።

ሹልማን እነዚህን ፎቶግራፎች ያነሣው ለግድግዳ ጌጥ ብሎ አልነበረም። ከፋዮቹ አርክቴክቶችና መጽሔቶች ነበሩ፤ ዓላማው ቤቱን አስተዋውቆ ሌላ ደንበኛ ማምጣት ነው። ቅጂው ለማተሚያ ቤት ይላካል፣ ይቆረጣል፣ ሲያበቃ ፋይል ውስጥ ይወረወራል። በ1980ዎቹ የቤት አሠራር ሞዱ ተለውጦ ሹልማን ሥራውን እስከ ማቆም በደረሰ ጊዜ ማንም ለእነዚያ ወረቀቶች ትልቅ ዋጋ አይሰጥም ነበር። በ1990ዎቹ ነገሩ ተገለበጠ። ያ የቤት አሠራር እንደገና ተወደደ፤ ሰብሳቢዎችም መጡ። ሰብሳቢ ስል የዕድሩን ሰብሳቢ ማለቴ አይደለም፤ ፎቶግራፍ እየገዙ የሚያከማቹትን ነው።

ዋጋው እንዴት ይወሰናል? ኔጋቲቩ አንድ ነው፤ ከእሱ የሚወጣው ቅጂ ግን አንድ አይደለም። ቤቱ በተነሣበት ዘመን በራሱ በሹልማን ቁጥጥር የታጠበው ቅጂ ከሁሉ ይበልጣል። ኋላ በእርጅናው ዘመን አሳትሞ የፈረመበት ይከተላል። ስለዚህ ገዢው መጀመሪያ የሚያየው ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን ነው። ማኅተሙ፣ የሥራው ቁጥር፣ በእርሳስ የተጻፈው ማስታወሻ፣ የመጽሔቱ አርታኢ ቆርጦ የጻፈው ልክ፣ ይህ ሁሉ የዕድሜ ምስክር ነው። አንድ ደስ የሚል ዘዴም አለ። ከ1950ዎቹ ወዲህ የፎቶግራፍ ወረቀት ፋብሪካዎች ወረቀቱ ይበልጥ ነጭ እንዲመስል የሚያደርግ ቅመም ይጨምሩ ጀመር። በጨለማ ክፍል ውስጥ አልትራቫዮሌት መብራት ቢያበሩበት አዲሱ ወረቀት ሰማያዊ እየሆነ ይፈካል፤ የጥንቱ ግን እንደደበዘዘ ይቀራል። የ1947 ነው ተብሎ የቀረበ ቅጂ በዚያ መብራት ከፈካ፣ ሻጩ ሌላ ወሬ ይፈልግ።

ሹልማን ከ260,000 በላይ ኔጋቲቭ፣ ቅጂና ስላይድ ያለበትን ክምችቱን በ2005 ለጌቲ የምርምር ተቋም አስረከበ፤ በ405 አውራ ጎዳና ስናልፍ ኮረብታው ላይ የሚታየን ያ ነጭ ሕንፃ ውስጥ ነው። ስሊም አሮንስ የተባለ ሌላ ፎቶግራፍ አንሺ ደግሞ በ1970 በዚያው በካውፍማን ቤት ገንዳ ዳር ያማሩ ወይዘሮዎች ሲጫወቱ በቀለም አንሥቷል፤ ስሙንም «የገንዳ ዳር ሐሜት» ብሎታል። የሱ ክምችት የሄደው በ1997 ለማርክ ጌቲ፣ ፎቶግራፍ ለሚሸጠው ለጌቲ ኢሜጅስ መሥራች ነው። ስሙ አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው ያሳስተዋል፤ አንዱ የምርምር ቤት፣ ሌላው ነጋዴ ነው። የአሮንስ ፎቶ ዛሬ በሆቴሉም በቡና ቤቱም ተሰቅሎ ይገኛል።

ታዲያ ይህ ሁሉ የሀብታም ጨዋታ ነው ለሚል አንባቢ አንድ ነገር ልንገር። ካውፍማን በ1955 ከሞተ በኋላ ቤቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ክፍል ተጨመረበት፣ ግድግዳ ፈረሰለት፣ ጣራው የአየር ማቀዝቀዣ ተጫነበት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባልና ሚስት ገዝተው እንደ ጥንቱ ይሁንልን አሉ። ጥንቱ ምን እንደነበር ግን ማን ያውቃል? ማርሞልና ራድዚነር የተባሉት አርክቴክቶች የሄዱት ወደ ሹልማን ነው። ለመጽሔት ያልታተሙትን፣ ማንም ያልፈለጋቸውን የውስጥ ፎቶዎች ሁሉ አወጡ። የቱ ቁም ሣጥን የት እንደነበረ፣ የድንጋዩ አደራደር እንዴት እንደሆነ በማጉያ መስተዋት አዩ። ለተሰበረው ድንጋይ ምትክ በዩታ ክፍለ ሀገር የተዘጋው የድንጋይ ካባ እንደገና እንዲከፈት ተደረገ። ቤቱ በ2008 በክሪስቲ ጨረታ ከሥዕሎች ጋር እንደ አንድ የጥበብ ሥራ ሆኖ ቀርቦ ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተጠራበት፤ ሽያጩ ግን ኋላ ፈረሰ። ለማስታወቂያ የተነሣ ፎቶግራፍ ቤት ሲያድን ማየት እኔን እጅግ አስገርሞኛል።

ሁልጊዜም አያድንም። እዚያው አጠገብ ራንቾ ሚራዥ ውስጥ ኖይትራ በ1962 የሠራው የማስሎን ቤት በ2002 ተሸጠ፤ አዲሱ ባለቤት ወር ያህል እንኳ ሳይቆይ በሕጋዊ ፈቃድ አፈረሰው። ያ ቤት ዛሬ የሚገኘው በወረቀት ላይ ብቻ ነው።

እንግዲህ እስከዚህ የጻፍኩት ካሜራው ስላየው ነው። ካሜራው ዞር ብሎ ስላላየው ደግሞ መናገር አለብኝ።

ከካውፍማን ቤት ወደ ደቡብ በእግር ከግማሽ ሰዓት ብዙ በማይበልጥ መንገድ፣ በከተማው እምብርት፣ አንድ ማይል በአንድ ማይል የሆነ መሬት አለ። «ሴክሽን 14» ይባላል። የአጉዋ ካሊየንቴ ጎሣ መሬት ነው። ለረጅም ዘመን ሕጉ መሬቱን ለአጭር ጊዜ ብቻ እንዲያከራዩ ይፈቅድ ስለነበር ባንክ ለዚያ መሬት አያበድርም፤ ትልቅ ሕንፃም የሚሠራበት የለም። ስለዚህ በሌላው ሰፈር በቀለማቸው ምክንያት ቤት የማይከራዩ ጥቁሮችና ሜክሲኳውያን እየመጡ መሬቱን ተከራይተው በገዛ እጃቸው ቤት ሠሩ፤ ቤተ ክርስቲያንም አቆሙ። እነማን ነበሩ? አናጢዎች፣ አትክልተኞች፣ ምግብ አብሳዮች፣ የሆቴል ሠራተኞች ናቸው። ከተማውን ያቆሙትና ያጸዱት እነሱ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1959 ሕጉ ተለወጠና መሬቱ እስከ 99 ዓመት የሚከራይ ሆነ። የመሬቱ ዋጋ በአንድ ጊዜ ሰማይ ወጣ። ከ1950ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የማስለቀቅ ሥራ በ1960ዎቹ በረታ፤ ከተማው ቤቶቹን አፈረሰ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች አቃጠሉ። ከሥራ ሲመለስ ቤቱን ዐመድ ሆኖ ያገኘ ሰው ነበር። በ1968 የካሊፎርንያ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ባወጣው ዘገባ ድርጊቱን ከተማው ራሱ ያቀነባበረው የእሳት እልቂት ብሎ ጠራው። ከተማው ይቅርታ የጠየቀው በ2021 ነው፤ በ2024 ለተፈናቃዮቹና ለወራሾቻቸው 5.9 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከካውፍማን ቤት የጨረታ ዋጋ ጋር ቁጥሩን አስተያዩት።

ዘመኑን ልብ በሉ። አሌክሳንደሮች 2,000 ቤት ሲሠሩ፣ ሹልማን ያንን ሁሉ ገንዳና ጣራ ሲያነሣ፣ በዚያው ከተማ ጢስ ይወጣ ነበር። ሹልማንን ከሳሽ ሆኜ አልቆምም፤ እሱ ለከፈለው ሠርቷል። ነገር ግን ካውፍማን የቁም ሣጥኑ ቦታ ሳይቀር የተመዘገበለት ሲሆን፣ የሴክሽን 14 ሰው ቤት እንደነበረው ለማስረዳት በሰባና በሰማንያ ዓመቱ ሸንጎ ፊት ቆሞ በቃሉ መመስከር ነበረበት። ጥቂት የእሳቱ ፎቶዎችና በየቤተሰቡ የተረፉ የልደትና የሠርግ ፎቶዎች ነበሩ። ለእነዚያ ቤቶች 45 ደቂቃ የቆመላቸው ካሜራ ግን አልነበረም።

ይህን ሳነብ ነው ያ የድስቱ ፎቶግራፍ ትዝ ያለኝ። እኛም በዚህ ከተማ አፓርታማ ተከራይተን፣ በሳምንት ስድስት ቀን ሠርተን፣ በሰባተኛው ቀን ድስት ተሸክመን ለቅሶ ቤት የደረስን ሰዎች ነን። ማንም መጽሔት ከፍሎ አላነሣንም፤ ያነሣነው እርስ በርሳችን ነው። ካለን ውስጥ ደግሞ ግማሹ ጀርባው ባዶ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው የወሩ ስብሰባ ሣጥኑን ይዤ እመጣለሁ። ከመዋጮ ክፍያው በኋላ ጠረጴዛ ላይ እዘረጋቸዋለሁ፤ የምታውቁትን ሰው ስም ንገሩኝ። እናቶቻችንን በተለይ እለምናለሁ፤ የእናንተን ያህል የሚያስታውስ የለም። መጻፊያው ለስላሳ እርሳስ ይሁን፤ እስክሪብቶ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል፣ ደግሞም ተጭኖ መጻፍ ፊቱን ያጎደጉዳል። የዕድሩ ያልሆነ ግን የዚያ ዘመን ፎቶ በቤታችሁ ካለ ይዛችሁ ኑ፤ ኮፒ አድርጌ እዚያው እመልሳለሁ። አምስቱ ሴቶች ያሉበትን ከላይ አደርገዋለሁ። ከግራ ሦስተኛዋ ነጠላቸውን ያጣፉ፣ በእጃቸው ጭልፋ የያዙ ናቸው።